ከአምስት የሚጀምረው ሜትር

የባንኩ ዘበኛ አዲሱን ዩኒፎርም ለብሶ መስታወት ፊት ቢቆም እጆቹ ጠፉ። እጅጌው አንጓውን አልፎ ወርዶ የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። ሱሪው ጫማው ላይ ተከምሯል። ሰውዬው ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ልብሱ ግን ትንሽ ቆየት ብሎ ነው የሚከተለው።

"እትዬ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚህ ልብስ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል።"

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ እግሩ ሥር ተንበርክካለች። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ጣት መሳሳት ያለ ነገር ነው፤ ሦስት ጣት የበለጠ እጅጌ ግን ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ያውም ዛሬ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ መሄድ አለባት፤ ልጇ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጋጠማለች።

ልጅቷ ቦክሰኛ ናት። ሁለት ጊዜ ተከታትላ ተሸንፋለች። በክለቡ ደንብ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል፤ ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀርቦ ጓንቱን ሳያስረክብ የወጣ ሰው ደግሞ እስከዛሬ አልታየም። እናትየዋ ከማለዳ ጀምሮ የምታስበው ይኸው ነው። አሁን በዚያ ላይ ይህ እጅጌ ተጨመረ።

"ማነው የለካቸው?" አለች ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ።

አዲሷ ሠራተኛ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ጎበዝ ናት፣ ጭምት ናት፣ መልስ ስትሰጥ መጀመሪያ ታስባለች። እሷ ናት የለካችው።

"በየትኛው ሜትር?"

"የኔን ሜትር ቤት ረስቼው የመጣሁ ቀን ነው። በዚህኛው፣" አለችና ወደ አሠሪዋ አንገት ጠቆመች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ሜትሩ እንደ ወትሮው ተንጠልጥሏል። ቢጫው ደብዝዞ የገበር ቀለም መስሏል። ከስድስት ዓመት በፊት ጫፉ ላይ ያለችው ብረት ተነቅላ ክሩ መተርተር ሲጀምር በመቀስ አምስት ሴንቲ ቀጥ አድርጋ ቆርጣ ጥላዋለች። ስለዚህ ይህ ሜትር የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም፣ ከአምስት ነው። እሷ ሰው ስትለካ ስልሳ ስድስት ካነበበች ስልሳ አንድ ትጽፋለች፤ ማሰብም አያስፈልጋትም፣ እጇ ራሱ ይቀንሳል። ባሏ አዲስ ግዢ ብሏት ያውቃል። ቁልፍ የምትተክልላት ሴትዮም ብላታለች። ለሁለቱም የመለሰችው አንድ ነው፤ ሜትሩ ምን አደረገ፣ እኔ አውቀዋለሁ።

አዲሷ ሠራተኛ ግን አታውቀውም። ያነበበችውን ጻፈች። እናትየዋ የተጻፈውን ወስዳ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ በእንጨቱ ሜትር ለክታ ቆረጠች። የእንጨቱ ሜትር ደግሞ አይዋሽም። ደረቱም፣ ወገቡም፣ እጅጌውም፣ ሱሪውም እኩል አምስት አምስት ሴንቲ ተረፉ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልገባትም። አዲሷን ልትቆጣ አሰበች። ያልተነገራትን ከየት ታምጣው? ሜትሩን ልትቆጣ አሰበች፤ የቆረጠችው እሷ ናት። ተወችውና ወደ ዘበኛው ተመለሰች።

"እስቲ ክንድዎን ይዘርጉልኝ።" ብብቱን ማየት ፈልጋ ነው።

ዘበኛው ክንዶቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ ስፒል ይዛ ወደ ብብቱ የሰደደችው እጅ እንደተሰደደ ቀረ።

ክንዱን እንዲህ ዘርግቶ የቆመ ሰው አይታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ለክለቡ ቱታ ልትሰፋ ሴቶቹን ልትለካ ሄዳ፣ ልጇም ለመመዝገብ ተከትላት መጥታ። የአሠልጣኙ ብረት ሜትር ስፕሪንጉ ወልቆ አልጠቀለል ብሎ ነበር። "ያንን ያውሱኝ፣" አለና ከአንገቷ ወሰደ። እሷ ወገብ ስትጽፍ ነበር፣ እንኳን ልታስረዳው ቀናም አላለች። አሠልጣኙ የልጅቷን ክንዶች አዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለካ። ከዚያ እንደ ዕጣ አዟሪ ጮኸ፤ "መቶ ሰባ ስምንት!" ቁመቷ በግድግዳው ላይ ሲለካ መቶ ሰባ አራት ነበር። ከቁመቷ አራት የሚበልጥ እጅ። ሰውዬው ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ እጅ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ራሱ አጭርና ድፍን ያለ ሰው ነው፤ በጉብዝናው ጊዜ እጀ ረጃጅሞች ከሩቅ ግራቸውን እየዘረጉ ስለተጫወቱበት አፍንጫው እስከዛሬ ወደ ውስጥ እንደገባ ነው።

"እትዬ፣ ላውርደው?" አለ ዘበኛው። ክንዱ ደክሞታል።

"ያውርዱት።"

የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠረገችና ሜትሩን ከእንጨቱ ሜትር ጎን ዘረጋችው። ግራ ገባት። አምስት ይበልጣል ማለት ነው? ግን ሜትሩ መቶ ሃምሳ ላይ ያልቃል። ክንድ የዘረጋን ሰው በአንዴ አይጨርስም፤ ሁለቴ ነው የሚዘረጋው። ታዲያ አንዴ ሲዘረጋ አምስት፣ ድጋሚ ሲዘረጋ ሌላ አምስት? ወይስ አንዴ ብቻ? አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ቁጥር ግን እንጀራዋ ስለሆነ አታፍርበትም፤ ዛሬ ግን ቁጥሩ ከእጇ እየሾለከ አስቸገራት። በጣቷ ቆጠረች፣ በጠመኔ ጻፈች፣ አጠፋች። በመጨረሻ ክር ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ሁለቴ በዚህ፣ ሁለቴ በዚያ ለካችው።

"አስር ነው፣" አለ ከኋላዋ ቆሞ ያያት የነበረው ዘበኛ። ስለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ብቻ ነው።

አስር። ልጅቷ መቶ ስልሳ ስምንት ናት። እጇ ከቁመቷ አራት አይበልጥም፤ በስድስት ያንሳል።

ተቀመጠች።

እንግዲህ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው ነገሩ የሚመጣለት። ባለፈው ውጊያ ማግስት ልጅቷ ፊቷን በበረዶ ይዛ የጠየቀቻት ጥያቄ መጣባት። ያሸነፈቻት ልጅ "በርሜሏ" የሚሏት አጭር፣ ደረተ ሰፊ ናት፤ ቁመቷ ከልጇ ዓይን አያልፍም። "እማ፣ እኔ ሳልደርስባት እሷ እንዴት ትደርስብኛለች?" ነበር ያለቻት። እናት ምን ትመልስ? ቦክስ አታውቅም። አሠልጣኙ የሚለውን ነው የደገመችላት። አሠልጣኙ ደግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እጅ አላት፣ እጇን ግን አትጥልም፣ ትፈራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሩቅ ቁሚ፣ ግራሽን ዘርጊ፣ ማንም አይጠጋሽ እያለ አስተማራት። እሷም ትዘረጋለች። ምቷ ሁልጊዜ አንድ መዳፍ ያህል ሳይደርስ ይቀራል።

ሞኝነቷ የበለጠ የገባት ቀጥሎ ነው። ይህችን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ አልብሳታለች። ሹራብ በተገዛላት ቁጥር እጅጌውን የምታሳጥረው እሷ ናት። ቁመቷ ሁሉ ከእግሯና ከአንገቷ ነው፤ አባቷን ነው የመሰለችው። ከባሏ ጋር የተዋወቁት ያዘዘው ኮት እጅጌ ረዝሞበት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው። እጇ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ጭንቅላቷ ግን "መቶ ሰባ ስምንት" ሲባል ሰምቶ አመነ። ለሌላው ስትሰፋ ትለካለች፣ ለልጇ ግን ለክታም አታውቅ፣ ዝም ብላ ነው የምትቆርጠው።

ዘበኛውን ለነገ ቀጠረችው። አዲሷን ሱቁን እንድትዘጋ አዘዘቻት። የእንጨቱን ሜትር ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ እንጨቱ ሰው ጎን ወጋ፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሌላ ሰው ወጋ። ቆማ አሰበች፣ ሐሳቧ ግን አልቆም አላት። ብትነግራቸው ምን ይሆናል? ባትነግራቸውስ? ምናልባት አስር ሴንቲ ምንም አይደለም። ምናልባት ልጅቷ በእውነት ትፈራ ይሆናል፤ እሷ ራሷ ልጇ ስትመታ ማየት ስለማትችል ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጩኸቱን ብቻ ነው የምትሰማው። የፈራችው እናት ናት ወይስ ልጅ? ይህንንም አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተሳሳተ ልክ ይዞ የተሰፋ ልብስ ለባሹን ያስነቅፈዋል እንጂ ሰፊውን ማንም አያየውም።

የስፖርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ አገዳት። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው አላት።

"ሜትር ነው።"

"ሜትር ለቦክስ ምን ያደርጋል?"

"እኔም የመጣሁት ለሱ ነው፣" አለችና አልፋው ገባች።

አሠልጣኙ ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ለኮሚቴው የተዘጋጀው ማኅደር ተከፍቶ ተቀምጧል። የልጇን ፎቶ አየች፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ አነበበች። "የእጅ ርዝመት አላት፤ ድፍረት ግን የላትም።" ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛ ማንበብ አላስፈለጋትም።

አሠልጣኙ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። የዛሬዋ ተጋጣሚ ያቺው በርሜሏ መሆኗን ነገራት፤ አይዞዎት፣ ቀጭኔ ዛሬ ከሰማች ታሸንፋለች አላት። ቀጭኔ ብሎ ቅጽል ያወጣላት እሱ ነው። እሷ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ የተቆረጠውን ጫፍ አሳየችው። ታሪኩን ነገረችው። አልገባውም። ደግማ ነገረችው። ፊቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መሳቁን ረሳው።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነግሩኝ?" አለ።

"ማን ጠየቀኝ?"

"ሜትር እንደ ሰው ባሕርይ ይጠየቃል እንዴ? ሜትር ሜትር ነው!"

"ቁጥሩ ከየት እንደሚጀምር ማየት አቅቶህ ነው?" 'እርስዎ' የምትለውን ሰው 'አንተ' ማለቷን ሳታውቀው አለችው። "ዓይንህ ያየችው ቁመቷን ነው። ቀጭኔ አልካት። ቀጭኔ እጅ አላት እንዴ? ያላት እግርና አንገት ነው።"

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን ከትከሻው አንስቶ አጣጠፈው፣ ፈታው፣ አጣጠፈው። ከዚያ ለራሱ እንደሚነግር ሰው ማብራራት ጀመረ። ቦክስ የሚሰፋው በሰውነት ልክ ነው አለ። እጀ ረጅሙ ሩቅ ቆሞ ነጥብ ይቆጥራል፣ የመጣውን በግራው ይገፋል፣ እግሩ ወደኋላ መሄድ መቻል አለበት። እጁ አጭር የሆነ ግን ሩቅ ከቆመ ሞተ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ክርኑን ወገቡ ላይ ሰብስቦ፣ ምት እየበላም ቢሆን መግባት አለበት፤ ከገባ ደግሞ ያ የሌላው ረጅም እጅ መታጠፊያ ያጣል። እሱ ራሱ እንዲያ ነበር የሚጫወተው። የሚያውቀውም እሱን ነው። ለዚህች ልጅ ግን የሚያውቀውን ትቶ የሚመኘውን አስተማራት።

"በርሜሏ ስንት ናት?" አለችው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አየ። ለማየት ተነሣ እንጂ ቁጥሩን ያውቀዋል። ቁመቷ መቶ ስልሳ ሁለት፣ እጇ መቶ ሰባ አንድ።

"ታዲያ ትደርስባታለች፣" አለች እናትየዋ።

"ትደርስባታለች፣" አለ አሠልጣኙም። ከዚያ እጁን አነሣ። "ዛሬ ግን አይነገራትም። እለምንዎታለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የምትገባው። አሁን ቢነገራት ጭንቅላቷ ውስጥ ሁለት ቦክሰኛ ይገባና እርስ በርሳቸው ይደባደባሉ።"

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ደህና ብላው ወጣች። ላትነግራት አስባ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደች፤ ዓይኗን አይታ ልትመለስ ብቻ።

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጇን በፋሻ ትጠቀልላለች። ረጃጅም እግሮቿን ወደ ፊት ሰድዳ መተላለፊያውን ዘግታዋለች። ቀና አለችና እንጨቱን አየች።

"እማ፣ እሱን ምን ልታደርጊበት ነው? ብሸነፍ ልትገርፊኝ?"

እናትየዋ ልትስቅ ፈለገች። የመጣላት ግን ያቺ መስመር ናት። ድፍረት ግን የላትም።

"ተነሺ፣" አለቻት። "ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪና እጅሽን ዘርጊ።"

ልጅቷ እናቷን ታውቃታለች፤ እንዲህ ስትል መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ተነሥታ ዘረጋች። እናትየዋ በጠመኔ የግራውን የመሀል ጣት ጫፍ አሰመረች፣ የቀኙን አሰመረች፣ ከግድግዳው ዞር በይ አለቻትና በእንጨቱ ለካች። አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት። በሱቅ ጠረጴዛዋ ላይ ካሰበችው ግማሽ ሴንቲ እንኳ አልተዛነፈም። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ የዘበኛውን እጅጌ፣ የተቆረጠውን ጫፍ፣ ሁለቴ የተዘረጋውን ሜትር።

ልጅቷ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ የተዋሰውን ዕቃ እንደሚያይ ሰው።

"እንግዲያው ፈሪ አልነበርኩም?"

እዚህ ላይ ሌላ እናት አልነበርሽም ትላለች። እሷ ግን ያልለካችውን ነገር ቁጥር መስጠት አትችልም፤ ተፈጥሮዋ ነው።

"እኔ የለካሁት እጅሽን ነው፣" አለች። "ደፋር ብትሆኚም አይደርስም ነበር። ይህን አውቃለሁ። ሌላውን አላውቅም።"

ልጅቷ ተቀመጠችና ፋሻዋን መጠቅለል ቀጠለች። የጠቀለለችውን ጣት ድጋሚ ጠቀለለች። እናትየዋ ከዚህ የሚሻል መናገር የነበረባት ነገር እንዳለ ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም። አሠልጣኙ በሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት የጠመኔ ምልክቶች አየ። ጓንቱን አቀበላት።

በዚያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃው ላይ አልቀረችም። እንጨቱን ጉልበቷ መሀል አቁማ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለ ሰውዬ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ በርሜሏ ዛሬም ቀጭኔን ታንከባልላታለች ብሎ ለጓደኛው ይነግረዋል። እሷ ዞር ብላ አየችው፤ ፍሬውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

የመጀመሪያው ዙር አሠልጣኙ እንዳለው ሆነ። ልጅቷ ውስጥ ሁለት ቦክሰኛ ገብቷል። ወደፊት አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ ሁለት ዓመት የለመደ እግሯ ወደኋላ ይመልሳታል። ሩቅም አይደለች፣ ቅርብም አይደለች፤ ለመመታት በሚመች ቦታ ላይ ትቆማለች። በርሜሏ ያንን ያልታሰበ ረጅም እጇን እየሰደደች ግንባሯን ነካች፣ አፍንጫዋን ነካች፣ ደግማ ነካች። እናትየዋ ዓይኗን መጨፈን ፈለገች፤ አልጨፈነችም። አበላሸኋት አለች በልቧ። ካልነገርኳት እንኳ አንዱን ሆና ትሸነፍ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ግራ መጋባቱ ወደ ማዕዘኑም ተዛመተ። አሠልጣኙ ገመዱን ይዞ "ሩቅ!" ይላል፣ ወዲያው "ግቢ!" ይላል፣ ደግሞ "ቆይ!" ይላል። ዳኛው ዞር ብሎ አየው። ሱፍ ፈልፋዩ ሰውዬ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማችው፤ አሠልጣኙ ጠጥቷል እንዴ አለ።

በእረፍቱ ደቂቃ አሠልጣኙ ልጅቷ ፊት ተንበረከከ። ውኃ ሰጣት። እናትየዋ ከሩቅ ታያለች። ከዚያ ሰውዬው ክርኖቿን ያዘና ወገቧ ላይ ሰበሰባቸው፤ ልብስ ሲለካ ትርፉን ጨርቅ በስፒል እንደሚሰበስብ ሰው። አንገቷንም በመዳፉ ወደታች ተጫናት። ደወሉ ተደወለ።

ልጅቷ በሦስተኛው ዙር አጭር ሆና ወጣች። ያንን ሁሉ እግር አጥፋ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ ሄደች። የመጀመሪያው ምት ቅንድቧን አገኘው፤ ሄደች። ሁለተኛው ጆሮዋን፤ ሄደች። ከዚያ ግንባሯ የበርሜሏ ትከሻ ላይ ዐረፈና ያ ረጅም እጅ የሚሄድበት አጣ፣ በጀርባዋ በኩል አየር ይመታ ጀመር። አጫጭሮቹ እጆች ከታች ሆነው ጎን፣ ሆድ፣ ጎን አሉ። አልተማረችውም፣ አያምርም፣ ሚዛኗን ስታ አንዴ በጉልበቷ ልትወድቅ ነበር። ግን ይደርሳል። ሁለት ዓመት ያልደረሰ እጅ ይደርሳል። እናትየዋ እንጨቱን እንዴት እንደያዘችው በኋላ መዳፏ ላይ የቀሩትን ቁጥሮች አይታ ነው ያወቀችው።

ሦስት ዳኞች ለበርሜሏ ሰጡ፣ ሁለቱ ለቀጭኔ። ሦስተኛ ሽንፈት።

በመተላለፊያው አሠልጣኙ እናትየዋን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። ላብ ከልጅቷ በላይ እሱን አጥምቆታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ለኮሚቴው የሜትሩን ነገር አናንሣ አለ። አሠልጣኝ መለካት አልቻለም ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል፤ እርስዎንም የክለቡን ልብስ ይነጥቁዎታል፣ ከተማው ሁሉ በተቆረጠ ሜትር የምትሰፋ ሴት ይልዎታል። ልጅቷ ዛሬ ብትሰናበት እኔ ጠዋት ጠዋት ለብቻዋ አሠለጥናታለሁ፣ በዓመቱ በሌላ ክለብ ትመለሳለች። ክፋት የለውም፤ እውነትም ሊያሠለጥናት አስቧል። ዓይኑ ውስጥ አይታዋለች።

"ያቺ ጽሕፈትስ?" አለችው።

"የቷ?"

"ድፍረት የላትም የምትለዋ።"

አሠልጣኙ አፍንጫውን አሸ። ማኅደሩ ቀድሞ ገብቷል፣ እጃቸው ላይ ነው አለ። እሱ ኮሚቴው ወደተቀመጠበት ቢሮ ሲገባ እሷ ከበሩ ውጭ ቀረች።

ግራ ገብቷት ቆመች። የክለቡ ሥራ ከእጇ ከወጣ አዲሷን ሠራተኛ ማሰናበት ይኖርባታል። ሠላሳ ዓመት ልኳን የሚያምን ሰው ነው ሱቋን ያቆመው። ባሏ ምን ይላል? ግዢ ብዬሽ ነበር ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝምታው ነው የሚከፋው። ደግሞ ኮሚቴው ባያምናትስ? አስር ሴንቲ ምን ትላለች ይህች ሴት ቢሏትስ? ልጅቷ በማዶ፣ በሩ በተከፈተው ልብስ መቀየሪያ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በረዶ ቅንድቧ ላይ ይዛለች። በነፃው እጇ በግድግዳው ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት ትነካለች፤ የአንዱን ጣት ጫፍ ምልክት፣ ደግሞ ተንጠራርታ የሌላውን። ከተቀመጠችበት አይደርስላትም። ፈገግ አለች፣ ቅንድቧ አሳመማት፣ ተወችው።

ልብስ ሰፊዋ ሳታንኳኳ በሩን ከፈተች።

ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መሀል ያለው ሰብሳቢ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በልጅቷ ማኅደር ላይ ሊፈርም ብዕር አንሥቷል። እንጨት የያዘች ሴት ስትገባ ብዕሩ ቆመ። ማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ ትንሽ ዘግይቶ፣ ልብስ ሰፊያችን ናቸው አለ።

"የልጅቷ እናት ነኝ፣" አለች እሷ።

ሰብሳቢው፣ ለወላጅ ከስብሰባው በኋላ ጊዜ እንዳለ በትሕትና ሊያስረዳት ጀመረ። አልጠበቀችውም። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። የሚከብድ ነገር አይደለም፣ ግን አንገቷ ባዶ ሲሆን ቀዘቀዛት። ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና የተቆረጠውን ጫፍ በዚያችው 'ድፍረት ግን የላትም' በምትለው መስመር ላይ አጋድማ አስቀመጠችው።

"ከየት እንደሚጀምር ይመልከቱት፣" አለች። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"